የመጨረሻው ምዕራፍ ማድ ቤት

ጎረቤቲቱ ቡሉ ከሳህኑ ያነሳችውን የኮኮናት ድቡልቡል እስከ ከንፈሯ አደረሰችው፣ መንጋጋዋን ሁለቴ ሦስቴ አንቀሳቀሰች፣ «እሰይ እትዬ ሸፋሊ፣ እጅሽን ይባርከው!» አለች፤ ከዚያም ጣፋጩን መሀረቧ ውስጥ ሸጎጠችው። ሸፋሊ ጀርባዋን ሰጥታ ከእንስራው ውሃ እየቀዳችላት ስለነበር አታየኝም ብላ ነው። የቁም ሳጥኑ መስታወት ግን ሁሉንም ወለል አድርጎ ያሳይ ነበር። ሸፋሊ ዞራ ውሃውን አቀበለቻት። ቡሉ ብርጭቆውን ተቀብላ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው፣ ሳትቀምሰውም ቀረች። ስለ መብራት መጥፋት አወሩ፣ ኮኮናት ዘንድሮ አንዱ ፍሬ አራት ሩፒ ስለመግባቱ አወሩ፤ ቡሉ ጎንበስ ብላ የሸፋሊን እግር ነካችና ደረጃውን ወረደች። ሸፋሊ በመስኮት ተመለከተቻት። የመንገዱ ጥግ ላይ ስትደርስ መሀረቧን ፈታ ቦዩ ውስጥ አራገፈችው።

ቀኑ በዓሏ አልቆ የእንስቷ አምላክ የእናት ዱርጋ ምስል ወንዝ በወረደ ማግስት ነው። በዚህ ቀን ካልካታ ውስጥ ታናሽ የታላቁን እግር ይነካል፣ ወንድና ወንድ ይተቃቀፋል፣ የተጣላ ይታረቃል፣ ከዚያ ይበላል። አልበላም ማለት የለም። ስኳር ያለበት ሰው እንኳ ለወጉ ጫፏን ይቆነጥራል። የሸፋሊ ቤት ሐዘን ላይ ስለሆነ ዘንድሮ ድግስ አልነበረም፤ ቢሆንም የመጣ ሰው ባዶ አፉን አይወጣም ብላ ሌሊት ተነስታ ኮኮናት ስትፈቀፍቅ አደረች። እስከ ቀትር የመጣው ሰው ጥቂት አልነበረም። አንዱ ጥርሴን አመመኝ አለ፣ አንዱ ለልጆቼ እወስደዋለሁ ብሎ በወረቀት ጠቀለለ፣ ሌላው ደግሞ ከዓይኗ ዓይኑን ሳይነቅል አንዱን አንስቶ እንደ መድኃኒት ዋጠውና ከመቀመጫው ተነሳ። ምሳ ሰዓት ላይ ሳህኑ ሙሉ ነበር።

ጠላት ኖሯት አይደለም። አንባቢ በዝቶባት ነው። ባሏ ሱኬንዱ ባግቺ የወንጀል ልቦለድ ደራሲ ነበር፤ ለዱርጋ በዓል በየዓመቱ የሚወጣው ወፍራም መጽሔት የእሱን ልቦለድ ይዞ ካልመጣ እኛ ሰፈር በዓሉ የገባ አይመስለንም። መርማሪው ኩንጆ የሚባል ጡረታ የወጣ የባቡር ጣቢያ ኃላፊ ነው፤ ገዳዩን ሲያጋልጥ ሁልጊዜ አፍንጫውን በመሀረቡ ጠርጎ ይጀምራል፤ ያቺ መሀረብ ስትወጣ ልባችን ቀጥ ትል ነበር። ሱኬንዱ ለወራት ሆዱን ሲያመው ቆይቶ በሚያዝያ ሞተ። በመስከረም መጽሔቱ ሽፋኑ ላይ «የመጨረሻው ሥራው» የሚል ቀይ ጽሑፍ አትሞ ወጣና በሦስት ቀን ተሸጦ አለቀ። የልቦለዱ ስም «ቀስ ብሎ የሚገድል» ነው። ባለታሪኩ ጠበቃ ነው፤ ለወራት ሆዱን ሲያመው ቆይቶ ይሞታል። የሚሞትበት ቤት የባግቺዎች ቤት ነው፤ አረንጓዴው መስኮት፣ የተሰነጠቀው ደረጃ፣ ጣሪያው ላይ በቆርቆሮ የተቀለሰው ማድ ቤት፣ ሩዝ የሚሰርቁት ቁራዎች ሳይቀሩ አሉበት። በመጨረሻው ምዕራፍ ኩንጆ አፍንጫውን ይጠርግና ጣቱን ሚስቲቱ ላይ ይቀስራል። ለወራት በዓሣው መረቅ ውስጥ ነጭ ዱቄት ስትጨምርበት ኖራለች።

ሻይ ቤቱ ውስጥ ያን ሰሞን ሌላ ወሬ አልነበረም። ድሮ ትራም ላይ ትኬት ሲቆርጥ የኖረው ጎፔን፣ ማንኛውንም ልቦለድ እርሳስ ይዞ የሚያነበው ጎፔን፣ ፍርዱን የሰጠው በመጀመሪያው ሳምንት ነው። «ሰውየው እየሞተ ነው የጻፈው፤ በግልጽ መናገር ስላልቻለ በልቦለድ ነገረን» አለ። ማስረጃም ደረደረ። ሴትየዋ ከባሏ ጋር አብራ በልታ አታውቅም። የማናችን ሚስት ናት ከባሏ እኩል የምትበላው? ይህን ግን ያን ጊዜ የጠየቀ አልነበረም። ከሞተ ወዲህ ደግሞ ለልጇ ዓሣ ትሠራለች እንጂ ራሷ አትቀምስም። እናቶቻችን ባል ከሞተባቸው ቀን ጀምሮ ዓሣ እንዳልነኩ ሁላችንም ረሳን። ከሌላ ከተማ ሳይቀር አንባቢዎች እየመጡ ከቤቱ ፊት ለፊት ቆመው ጣሪያውን በጣት ያሳያዩ ጀመር። አንዱ ወጣትማ ደጃፉን አንኳኩቶ ማድ ቤቱን ማየት ይቻል እንደሆነ በትሕትና ጠየቀ። ሸፋሊ መንገድ የጠፋው ሰው መስሏት ሻይ ላፍላልህ ብትለው እግሬ አውጪኝ አለ።

እሷ መጨረሻውን በወሬ ሰማች እንጂ ልቦለዱን አላነበበችውም። ይኸም እንደ ማስረጃ ተቆጠረባት፤ ነገሩ ግን ሌላ ነው። የባሏን መጻሕፍት ታትመው ከወጡ በኋላ አንብባቸው አታውቅም፤ ምክንያቱም ገዳዩን የምትመርጠው እሷ ነበረች። ሱኬንዱ ሁሉንም ሰው እኩል አስጠርጥሮ ሲያበቃ ጣሪያው ላይ ይወጣና ማድ ቤቷ ውስጥ ዱካ ላይ ቁጭ ይላል፣ ምስሩን በሩዝ እየለወሰ «እሺ፣ ዘንድሮ ማንን እንስቀል?» ይላታል። ጥርሷን ያመማት ዓመት የጥርስ ሐኪሙን አሰቀለችው። ስኳር የተወደደ ጊዜ ነጋዴውን። አንድ ጊዜ እንዲያው ለጨዋታ ካህኑን ብትለው ሱኬንዱ እስኪያስለው ስቆ፣ እውነትም ካህኑን አደረገው፣ ያ መጽሐፍ አምስት ጊዜ ታተመ። እነዚህን ስሞች ማን እንደመረጠ ከሁለቱ በቀር የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ለዚህኛው ልቦለድ ግን ሳይጠይቃት ነው የሞተው። እሷ የምታውቀው እንዳላለቀ ነው። ታች የሚኖረው የባሏ ታላቅ ወንድም ኒሮድ ግን መጨረሻው መሳቢያ ውስጥ ተገኝቷል ብሎ ለመጽሔቱ ሰጠው። ኒሮድ ፍርድ ቤት ጸሐፊ የነበረ፣ የእጅ ጽሑፉ እንደ ህትመት የሆነ ሰው ነው፤ የወንድሙን ጭርንቁስ ጽሑፍ በየዓመቱ ገልብጦ ለማተሚያ ቤት የሚያደርሰው እሱ ስለነበር ማንም ነገሩን አልተጠራጠረውም።

ስለዚህ ሸፋሊ የተጠራጠረችው የሞተውን ነው። ሳይጠይቀኝ ጨረሰው፤ ለምን? የመረጠው እኔን ስለሆነ። ይህን ሐሳብ ቀን ከሰው ጋር ስትሆን ታባርረዋለች፣ ሌሊት ተመልሶ ይመጣባታል። በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ሳህኑን ገፋ አድርጎ «በቃኝ» ይል እንደነበር ታስታውሳለች። ያን ጊዜ ሕመሙ መስሏት ነበር። አሁን ያ «በቃኝ» ምን ማለት እንደነበር አታውቅም። ሰፈሩ ቢያማት ሰፈር ነው፣ አንድ ቀን ይሰለቸዋል። እሱ እጇን እየጠረጠረ ሞቶ እንደሆነ ግን ሃያ ሁለት ዓመት የኖረችው ኑሮ ምን ነበር? እህል መቅመስ ያስጠላት ለዚህ ነው፤ እኛ ደግሞ መክሳቷን አይተን ሕሊናዋ ነው የሚበላት እንባባል ነበር።

ከቀትር በኋላ ልብስ ልታሰጣ ጣሪያው ላይ ወጣች። ቁራዎቹ ከማድ ቤቱ ጀርባ ተንጫጭተዋል፤ የመጣችውን ሰው ፈርተው እንኳ አልሸሹም። ቀርባ አየች። ለልጇ ለጁሙር ምሳ ብላ ያስቀመጠችላት ሩዝና ዓሣ እንዳለ ግንቡ ላይ ተደፍቷል። ዓሣው አልተነካም፣ ከጭንቅላቱ እስከ ጭራው ሙሉ ነው። ሸፋሊ እርጥቡን ልብስ በእጇ እንደያዘች ቆማ ቀረች። ጁሙር አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ ኮሌጅ ትማራለች። ከጥቂት ሳምንታት ወዲህ «ትልቁ አባባ ጋ በላሁ» ማለት አብዝታ ነበር፤ ኒሮድ ሚስቱ የሞተችበት ሰው ነው፣ ወጥ የምትሠራለት ሴት ታች በረንዳ ላይ ታበስላለች። ሸፋሊ፣ ልጅ ሐዘን ሲከብዳት ከአባቷ ወንድም ጋር መቀመጥ ትወዳለች ብላ ነበር የምታስበው። ልጇ ከኋላዋ በደረጃው ወጥታ ባዶውን ሳህን ልታነሳ ስትመጣ ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ። የቆርቆሮው ጣሪያ በፀሐይ ግሎ ይንጣጣ ነበር።

«አልራበኝም ነበር እማ» አለች ጁሙር።

«ባይርብሽ መመለስ ይቻል ነበር እኮ። ለምን ለቁራ?»

ልጅቱ ሳህኑን ደረቷ ላይ አቀፈችው። «አባዬ ለምን እንደዚያ ጻፈ?» አለች፤ ድምፅዋ እንደ ሕፃን ሆነ። «አንቺን ይወድሽ የለ? ለምን እንደዚያ ይጽፋል?»

ሸፋሊም ራሷን የምትጠይቀው ይህንኑ ነበር። ጁሙር ደረጃውን ሮጣ ወረደች። ሸፋሊ ልብሱን እንዳለ ባልዲው ላይ ጣለችውና ወደ ልጇ ክፍል ሄደች፣ ከትራሷ ሥር መጽሔቱን አወጣች። ሽፋኑ ከመነበብ ብዛት ተላልጧል። ይዛው ጣሪያው ላይ ተመለሰች፣ ማድ ቤቷ ውስጥ ባሏ ይቀመጥበት የነበረው ዱካ ላይ ተቀመጠች፣ የመጨረሻውን ምዕራፍ ገለጠች። ሊሰቅላት የፈለገ ሰው ምን ብሎ እንደሰቀላት ራሷ ልታይ ነው።

አነበበች። ኩንጆ አፍንጫውን ጠረገ። ሁሉንም ሰብስቦ አስቀመጠ። ከዚያ ሴትየዋ ጎህ ሲቀድ ምን ታደርግ እንደነበር መናገር ጀመረ፤ ወደ ምድር ቤት ትወርዳለች፣ በምሥራቁ መስኮት የውሃው ጉድጓድ አፍ ይታያታል፣ ከከሰል ምድጃው በላይ ግድግዳው ውስጥ ከተቦረቦረው መደርደሪያ፣ ከጨው እንስራው ጀርባ፣ ነጩን ዱቄት ታወጣለች። ሸፋሊ እዚህ ላይ ቆም አለች። መስመሩን በጣቷ ይዛ ደግማ አነበበችው። ቀና ብላ የራሷን ማድ ቤት አየች፤ ሁለት ዓይን ያለው የጋዝ ምድጃ፣ የፕላስቲክ የጨው ዕቃ፣ መስኮት የሚባል ነገር የሌለው ቆርቆሮ። ይህን ማድ ቤት ሱኬንዱ ከጥግ እስከ ጥግ ያውቀዋል፤ ዝናብ የሚያፈስበትን ቀዳዳ በሬንጅ የደፈነው እሱ ነው፤ በፊተኞቹ ምዕራፎችም ያንን ቀዳዳ ሳይቀር ጽፎታል። ምድር ቤት ያለው ማድ ቤት ግን የአማቷ ነበር። አማቷ ሞተው የወንድማማቾቹ ድስት ከተለያየ ጀምሮ ተቆልፎ የአሮጌ ጋዜጣ ማከማቻ ሆኗል፤ ጉድጓዱም ጁሙር በተወለደችበት ዓመት ተደፍኗል። እዚያ ውስጥ የምትሽሎኮሎከው ሴትዮ ሸፋሊ አይደለችም። ማንም ትሁን፣ የጻፋት ሰው ከእናቱ ማድ ቤት ሌላ ማድ ቤት አይቶ አያውቅም። ይህን ስታስብ ሸፋሊ ሳቋ አመለጣት፣ ከሳቁ ቀጥሎ ደግሞ እንባው መጣ፣ «አልጠየቀኝማ! አልደረሰም ነበርና አልጠየቀኝም!» እያለች ብቻዋን ጮክ ብላ ተናገረች። ሱኬንዱ ሊሰቅላት ቀርቶ፣ ገና ማንንም አልመረጠም ነበር።

ያን ምሽት እኛ ታች ኒሮድ ሳሎን ውስጥ ነበርን። ጎፔን አለ፣ የቡሉ ባል አለ፣ እኔ አለሁ፤ እግር ነክተን፣ ተቃቅፈን፣ የወጥ ሠሪዋን ጣፋጭ ያለ ሥጋት በልተናል። ኒሮድ ንጹሕ ነጭ ለብሶ ወንበሩ ላይ እንደ ሙሽራ አባት ተቀምጧል። የመጽሔቱ አዘጋጅ ልቦለዱን በመጽሐፍ መልክ ሊያወጣው ነው አሉ። «የመጨረሻው ምዕራፍ እኮ ጋሽ ኒሮድ፣ እጅ ያስቆረጥማል» አለ ጎፔን፣ «ፊተኞቹ ትንሽ ቀዝቀዝ ብለው ነበር፤ እዚያች ላይ ግን ሰውየው ጉልበቱን ሰበሰበ።» ኒሮድ አንገቱን ደፍቶ ፈገግ አለ። ያን ጊዜ ለወንድሙ የተደሰተ መስሎኝ ነበር። ጁሙር የሻይ ትሪ ይዛ በሩ ጋ ቆማለች።

ሸፋሊ ከኋላዋ ገባች። የሳሪዋን ጫፍ እንደ ደንቡ ራሷ ላይ ጣል አድርጋለች፣ ፊቷን ግን አልሸፈነችም።

«ወንድም ጋሼ» አለች።

ሻይ ይጠጣ የነበረ አቁሞ ቀረ። የእኛ ሰፈር ሴት ከባሏ ታላቅ ወንድም ጋር ፊት ለፊት አትነጋገርም፤ እሱም ወደ እሷ ጓዳ አይጠጋም፤ አንድ ደረጃ እየተጋሩ ሃያ ሁለት ዓመት ሲኖሩ አንዳቸው ለሌላው ቃል የሚያደርሱት በሰው በኩል ነው። ኒሮድ ዓይኑን ወለሉ ላይ ተክሎ እንደ ልማዱ ወደ ጁሙር፣ «እናትሽ ምን ፈልጋ ነው?» አለ።

«በልጄ በኩል አይደለም። እርስዎን ነው የምጠይቀው። ጣሪያው ላይ ያለውን ማድ ቤቴን አይተውት ያውቃሉ?»

«ምን ማለት ነው ይሄ!» ሰውየው ጆሮው ድረስ ቀላ። «የታናሽ ወንድሜ ሚስት ማድ ቤት እኔ ምን ልሠራ? አንድ ቀን እንኳ እግሬ አልረገጠውም። ሰፈሩ ይመስክር!»

መሰከርን። በዚህ ነገር ኒሮድ የሚታማ ሰው አይደለም።

«ወንድምዎስ?»

«እሱማ እዚያው ነበር የሚበላው።»

«እንግዲያው ጋሽ ጎፔን፣ የመጨረሻውን ምዕራፍ ያንብቡልን» አለች ሸፋሊ። «በእርሳስ ያሰመሩበትን አይደለም። ሴትየዋ ማድ ቤት ስትገባ ያለውን።»

ጎፔን መጽሔቱን ከብብቱ አውጥቶ ማንበብ ጀመረ፤ የሚወደው ቦታ ስለሆነ ድምፁን አሳምሮ ነው የጀመረው። ጉድጓዱ ጋ ሲደርስ የቡሉ ባል «የቱ ጉድጓድ? ተደፍኖ የለም እንዴ?» አለ። ጎፔን ማንበቡን አቋረጠ። ገጾቹን ወደ ኋላ አገላበጠ፣ የጣሪያውን ማድ ቤት አገኘው፣ ወደ ፊት ተመለሰ፣ የምድር ቤቱን አገኘው። እርሳሱን ከጆሮው ላይ አወረደ። ከዚያ ቀስ ብሎ ኒሮድን አየው፣ ሁላችንም አየነው። ማፈር ሲገባን ደስ አለን። እውነቴን ነው፤ ሁለተኛ መጨረሻ እንደተሰጠው አንባቢ ነበር የተደሰትነው።

«ጋሽ ኒሮድ» አለ ጎፔን፣ ድምፁን እንደ ኩንጆ አቅጥኖ፣ «ይህ ቤት በማን ስም ነው? ደግሞስ፣ ሱኬንዱ ታሞ በተኛ ጊዜ የከሰዓቱን ሻይ የሚልክለት ማን ነበር?»

ጁሙር ትሪውን እንደያዘች ወደ ኋላ አፈገፈገች። ከዚህ ቤትም ስትበላ ከርማለችና ፊቷ አመድ መሰለ። ኒሮድ ሲናገር ዓይኑ ከወለሉ ላይ አልተነሳም።

«አላለቀም ነበር» አለ። «አዘጋጁ ያላለቀ አላትምም አለኝ። ስንት ዓመት ሳያቋርጥ የወጣ ስም፣ በሞተበት ዓመት ይቅር? እኔ ገልባጭ ነኝ፤ ገዳዩን ቀድሞ ነግሮኝ አያውቅም። ቤቱ ውስጥ ማን ቀረ ብዬ አሰብኩ። የምታበስለው እሷ ናት። ሌላ አልመጣልኝም። ልቦለድ ነው፤ ሰው ከልቡ ያምነዋል አላልኩም።» ከዚያም እንደ ልጅ ቅር ብሎት፣ «ደግሞ ሰው ወዶት ነበር እኮ» አለ።

ሸፋሊ ይህን ስትሰማ ዓይኗን ጨፈነች። ተናደደች፤ መናደዷ ከፊቷ ያስታውቅ ነበር። ጎፔን ግን ይህ ሁሉ ነገር አልገባውም፤ ገና በልቦለዱ ውስጥ ነው ያለው። «እሺ ይሁን» አለ፣ «ታዲያ እውነተኛው ገዳይ ማነው? እትዬ ሸፋሊ፣ አንቺ ታውቂያለሽ። ንገሪን።»

ሁላችንም ወደ እሷ ዞርን፣ ኒሮድም ጭምር። ያን ጊዜ ጣቷን ወደ ዋርሳዋ ቀስራ ቢሆን ኖሮ፣ ሰውየው ከነገ ጀምሮ እኛ ሰፈር ሻይ እንኳ የሚቀዳለት አያገኝም ነበር። እሷም ይህን ታውቀዋለች፤ መጽሔቱ ከወጣ ወዲህ ሰው ለመስቀል ምን ያህል ትንሽ ነገር እንደሚበቃ አይታለች። ኒሮድን ትክ ብላ ተመለከተችው።

«ማንም አልገደለውም» አለች። «ታሞ ነው የሞተው።»

«እንዴ እትዬ፣ እሱማ መጨረሻ አይሆንም» አለ ጎፔን።

ጁሙር ትሪውን መሬት ላይ አስቀመጠች። «ታሞ ነው የሞተው» አለች ቀስ ብላ፣ እናቷን እያየች፣ ነገሩን ገና ዛሬ የነገሯት ይመስል። ከዚያ «አባዬን!» ብላ ጮኸች፤ ሬሳው በወጣ ቀን ሰፈሩ በሙሉ ደጅ ተሰብስቦ ጠብቆ ያልሰማውን ለቅሶ አለቀሰች፣ ሸፋሊም ደግፋ ይዛት አብራት አለቀሰች። እኛ አንድ በአንድ ጫማችንን አድርገን ወጣን።